ማንችስተር የት ላይ ታበቃለች?

የማንችስተር ሕዝብ ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የእንግሊዝ የቆጠራ መዝገብ ቢያንስ አራት መልስ አለው። የከተማዋ ምክር ቤት የሚያስተዳድረው መሬት በ2021 ቆጠራ 552 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው። ታላቋ ማንችስተር የተባለው ካውንቲ በዚያው ቆጠራ 2 ሚሊዮን 868 ሺህ ያህል ሕዝብ ተመዝግቦበታል። ቤት፣ ፋብሪካና መንገድ ሳይቋረጥ የተያያዘበት መሬት ብቻ ተለይቶ ሲለካ ደግሞ የ2011 ቆጠራ 2,553,379 ሰው አግኝቶበታል። በ2021 የመለኪያው ደንብ ተቀየረና ይኸው የተገነባ መሬት ስሌት ማንችስተርን ወደ 470 ሺህ ገደማ አወረዳት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በትንሹና በትልቁ አኃዝ መካከል ያለው ልዩነት ከስድስት እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም ከአራቱ አንዱም ሐሰት አይደለም።

ቆጣሪዎቹ አልተሳሳቱም። አኃዙን የሚለያየው ወሰኑን ማን፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ አሰመረው የሚለው ነው። ይህን ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ትቶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ጉዳዩ ከዚያ የከበደ ይመስለኛል። የትኛው ከተማ ሁለተኛ፣ የትኛው አምስተኛ ነው የሚባለው ዝርዝር ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ፖለቲከኛ ይጠቅሰዋል፣ ባለሀብት ያየዋል። ከዝርዝሩ ጀርባ ያለውን መስመር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ማንችስተርን የሚያውቃት በእግር ኳስ ነውና ከዚያ እንነሣ። ማንችስተር ዩናይትድ ከ1910 ጀምሮ የሚጫወትበት ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም በማንችስተር ከተማ ወሰን ውስጥ አይደለም። የሚገኘው የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ በጀትና የራሱ የግብር ተመን ባለው በትራፎርድ ወረዳ ነው። የማንችስተር ሲቲ ስታዲየም ግን ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ፣ በከተማዋ ወሰን ውስጥ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴና ጥሩነሽ ዲባባ ደጋግመው ያሸነፉበት የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ የማንችስተር ሩጫም ከመሃል ከተማው ተነሥቶ ወደ ኦልድ ትራፎርድ አቅጣጫ ሄዶ የሚመለስ ነው። ሯጮቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ምክር ቤት ግዛት ወደ ሌላው ወጥተው ይመለሳሉ። መንገዱ ላይ ይህን የሚነግር ክፍተት የለም፤ ሕንፃው ያው፣ አስፋልቱ ያው ነው።

በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ወሰን ደግሞ ከመሃል ከተማው እምብርት የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ነው። ከማንችስተር ካቴድራል ወጥቶ ኧርዌል የተባለውን ጠባብ ወንዝ በድልድይ የተሻገረ ሰው ሳልፎርድ ገባ ማለት ነው። ሳልፎርድ ከ1926 ጀምሮ ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆን በ2021 ወደ 270 ሺህ ሰው ተቆጥሮባታል። በ1894 የማንችስተር የመርከብ ቦይ ተከፍቶ የውቅያኖስ መርከቦች ወደ መሃል አገር መግባት ሲጀምሩ፣ በዓለም ሁሉ የማንችስተር ወደብ ተብለው የታወቁት ትልልቆቹ የመርከብ ማረፊያዎች የነበሩት በሳልፎርድ መሬት ላይ ነበር። ወደቡ በ1982 ተዘጋ፤ ዛሬ ቢቢሲ ብዙ ክፍሎቹን ያዛወረበት ሰፈር በዚያው ስፍራ ይገኛል።

ወሰኑ እንዲህ ጠብቦ የቀረው ማንችስተር መስፋፋት ስላልፈለገች አይደለም። በ1838 የራሷ ምክር ቤት፣ በ1853 የከተማ ማዕረግ ካገኘች በኋላ አጎራባቾቿን እየጠቀለለች ኖራለች። በ1904 ሞስ ሳይድን፣ ዊዚንግተንን፣ ዲድስበሪንና ሌሎችን አስገባች፤ በ1909 ጎርተንና ሌቨንሹልም ተከተሉ። በ1931 ደግሞ ከቼሺር ተቆርሶ ዊዘንሾው ተጨመረላት። ምክር ቤቱ ከጥጥ ፋብሪካ ጭስ ርቆ ለሠራተኛ ቤተሰብ ጓሮ ያለው ቤት ለመሥራት ያሰበበት መሬት ያ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስፋፋቱ ከሞላ ጎደል ቆመ። ውጤቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጎተተ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ 116 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት ነው።

በርሚንግሃም ሌላ መንገድ ሄደች። በ1911 አስተን ማነርን፣ ሃንድስወርዝን፣ ኤርዲንግተንንና ያርድሊን በአንድ ጊዜ ጠቀለለች። ዛሬ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት 268 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬትና 1 ሚሊዮን 145 ሺህ ያህል ሕዝብ ያስተዳድራል። ይህ ከማንችስተር እጥፍ በላይ ነው። በተያያዘ ግንባታ ሲለኩ ግን ሁለቱ የሚቀራረቡ ከተሞች ናቸው። በርሚንግሃም በወረቀት ላይ የምትገዝፈው ከመቶ ዓመት በፊት ለማንችስተር እንደ ሳልፎርድ የሚሆኑ አጎራባቾቿን ለመዋጥ የፓርላማ ፈቃድ በማግኘቷ ነው ማለት ይቻላል።

የጠባብ ወሰን መዘዝ ጎልቶ የታየው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የማንችስተር ሕዝብ በ1931 ቆጠራ 766,311 ደርሶ ነበር፤ ያ ጣሪያው ሆነና ቁጥሩ ለሰባ ዓመት ቁልቁል ወረደ። ይህን ማሽቆልቆል ብዙዎች የጥጥ ኢንዱስትሪ ሞት ብቻ አድርገው ይተርኩታል። የፋብሪካዎቹ መዘጋት እውነት ነው፤ ከባድም ነበር። ሌላው ምክንያት ግን የምክር ቤቱ የገዛ ሥራ ነው። የተጎሳቆሉትን የሠራተኛ ሰፈሮች ሲያፈርስ ለነዋሪዎቹ የሚሆን መሬት በወሰኑ ውስጥ አጣ። ስለዚህ በሌሎች ምክር ቤቶች ግዛት፣ በሚድልተን አጠገብ ላንግሊን፣ በሃይድ አጠገብ ሃተርስሊን የመሳሰሉ መንደሮች ሠራ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የማንችስተር ምክር ቤት ተከራይ ሆነው ከማንችስተር ቆጠራ ወጡ። ሰዎቹ በአውቶቡስ ጥቂት ማይል ነው የሄዱት፤ ብዙዎቹ ሥራቸውም ዘመዳቸውም ያው ከተማ ውስጥ ነው የቀረው። በሠንጠረዡ ላይ ግን ከተማው እየሞተ ይመስል ነበር።

በ2001 ቁጥሩ 392,819 ተብሎ ሲታተም ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ቁጥር ማነስ ማለት ከማዕከላዊ መንግሥት የሚመጣ ገንዘብ ማነስ ነውና ሙግቱ የክብር ብቻ አልነበረም። በኋላ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ ግምቱን ከ420 ሺህ በላይ ከፍ አድርጎ አስተካክሎታል። ከዚያ ወዲህ መሃል ከተማው በተማሪዎች፣ በወጣት ሠራተኞችና ከውጭ በመጡ ሰዎች ሞልቷል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ሺህን አለፈ።

አሁን ወደ ሦስተኛው መለኪያ እንምጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው እሱ ነው። ምክር ቤትንም ካውንቲንም ረስቶ መሬቱን ብቻ ያያል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቢያንስ 20 ሄክታር የሚሆን የተገነባ መሬት ይወሰዳል፤ ሁለት እንዲህ ያሉ መሬቶች ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት ከተቀራረቡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በዚህ አካሄድ ከማንችስተር ተነሥቶ ሳልፎርድን፣ ስቶክፖርትን፣ ኦልደምን፣ ቦልተንን፣ ቤሪንና ሮችዴልን ሳይቋረጥ የሚያካልል 630 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ይገኛል።

ደንቡ ቀላል ቢሆንም የሚሠራው ሥራ ግን አስገራሚ ነው። በሊቨርፑል የሆነውን እንውሰድ። የመርሲ ወንዝ እዚያ ጋ ከ200 ሜትር በብዙ ስለሚሰፋ ማዶ ያለችው በርከንሄድ ሌላ ከተማ ተባለች። በወንዙ ሥር ከ1886 ጀምሮ ባቡር ይመላለሳል፤ ጠዋት ተሻግሮ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ለደንቡ ግን ባቡር አይታየውም። በዚህ የተነሣ በ2011 ሊቨርፑል 864,122፣ በርከንሄድ 325,264 ሆነው ለየብቻ ተመዘገቡ። በሰሜን ምሥራቅ ያለው የታይን ወንዝ ጠበብ ስለሚል ግን ኒውካስልና ጌትስሄድ ከነጎረቤቶቻቸው ተያይዘው 774,891 ሕዝብ ያለው አንድ ከተማ ሆነዋል። የወንዝ ስፋት የከተማን ደረጃ ወሰነ ማለት ነው።

ከለንደን ቀጥላ ሁለተኛዋ ማንችስተር ናት ወይስ በርሚንግሃም የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ይፈታል፤ ወይም ይበልጥ ይወሳሰባል። በ2001 በርሚንግሃምን የያዘው የዌስት ሚድላንድስ የከተማ መሬት 2,284,093፣ የማንችስተሩ 2,240,230 ሕዝብ ነበራቸው፤ ሁለተኛዋ በርሚንግሃም ነበረች። በ2011 የማንችስተሩ 2,553,379፣ የዌስት ሚድላንድሱ 2,440,986 ሆነና ደረጃው ተገለበጠ። ዜናውን የሰማ ሰው ማንችስተር በአሥር ዓመት 313 ሺህ ሰው ጨመረች ብሎ ይረዳል። ነገር ግን በዚያው አሥር ዓመት መላው የታላቋ ማንችስተር ካውንቲ የጨመረው ወደ 200 ሺህ ገደማ ነው። የቀረው ከየት መጣ? ከካርታው። በ2011 አገሩ በሙሉ 50 ሜትር በ50 ሜትር በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ፣ የትኛው የተገነባ የትኛው ባዶ እንደሆነ በኮምፒውተር ተለየ። በድሮው አሠራር ተለያይተው የቆዩ መንደሮች በአዲሱ ተያያዙ። አንድም ቤት ከቦታው ሳይነቃነቅ ብዙ ሺህ ሰዎች የዚያ ትልቅ ከተማ ነዋሪ ሆኑ።

እንዲህም ሆኖ ዊጋን ከመስመሩ ውጭ ቀረች። ዊጋን ከታላቋ ማንችስተር ካውንቲ አሥር ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ሜዳና እርሻ ስለሚለያት ግን ለብቻዋ ነው የተቆጠረችው። በደቡብ በኩል ያለችው ሀብታሟ ዊልምስሎው በአንጻሩ በቼሺር ውስጥ ሆና ሳለ ቤቶቿ ከማንችስተር ጋር ስለተያያዙ የማንችስተር አካል ተብላ ተቆጠረች።

የዊጋን ሜዳ በአጋጣሚ ባዶ የቀረ አይደለም። በ1955 የእንግሊዝ መንግሥት ለአካባቢ ምክር ቤቶች ባስተላለፈው መመሪያ፣ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶ እንዲከለልና አጎራባች ከተሞች እንዳይጋጠሙ አሳሰበ። ዛሬ ከታላቋ ማንችስተር መሬት ግማሽ ያህሉ አረንጓዴ ቀበቶ ነው። ስለዚህ 200 ሜትሩ የሚለካው ክፍተት በአብዛኛው በሕግ የተጠበቀ ክፍተት ነው። ከተማው በተፈጥሮው የት ላይ እንደሚያበቃ ካርታው ይነግረናል ብለን ስናስብ፣ በእርግጥ የሚነግረን ባለሥልጣናት የት ላይ ያብቃ እንዳሉ ነው። ፖሊሲውን ሳልደግፍ አላልፍም፤ አረንጓዴ ቀበቶው ባይኖር ከሊቨርፑል እስከ ሊድስ አንድ ወጥ የጡብ ባሕር ይሆን ነበር። ነገር ግን የፖሊሲ ውጤትን እንደ ተፈጥሮ ወሰን አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሊድስን ካነሣን፣ የእሷ ጉዳይ የማንችስተር ግልባጭ ነው። የሊድስ ከተማ ምክር ቤት በ2021 812 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው፤ ከማንችስተር በሩብ ሚሊዮን ይበልጣል። ይሁንና ምክር ቤቱ የሚያስተዳድረው 552 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ውስጥ እርሻ፣ ኮረብታና እንደ ኦትሊና ዌዘርቢ ያሉ የገበያ ከተሞች ሁሉ አሉ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊድስ 1,500 የማይሞላ ሰው ሲኖራት ማንችስተር ከ4,700 በላይ አላት። እንግዲህ ሊድስ ከማንችስተር ትበልጣለች የሚለው ዓረፍተ ነገር በምክር ቤት ወሰን እውነት ነው፤ በሁለቱም ከተሞች መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ግን ትርጉም የለውም።

እነዚህን ጉድለቶች ሁሉ ይዞም ቢሆን የ2011ዱ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ያልተቋረጠውን ከተማ እንደ አንድ አካል አሳይቷል። የ2021ዱ ይህን አፈረሰው። አዲሱ ደንብ የተገነባውን መሬት በይበልጥ አጥርቶ ለይቷል፣ ሲያበቃ ግን ተያይዘው የነበሩትን ትልልቅ ከተሞች በየሰፈሩ ቆራርጦ እንግሊዝንና ዌልስን ከ7,000 በላይ በሆኑ ቦታዎች ከፋፈላቸው። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ይህ ጠቃሚ ነው፤ የራሳቸውን ዕድሜ፣ ሥራና የጤና ሁኔታ የሚያሳይ መረጃ አገኙ። ማንችስተር ግን በዚህ ስሌት ከሸፊልድና ከሊቨርፑል በታች ሆና ተመዘገበች። ዋና ከተማዋ ለንደን እንኳ በየወረዳው ተሸንሽናለች። በ2001 እና በ2011 መካከል የነበረው ንጽጽር የተጣመመ ቢሆንም ንጽጽር ነበር፤ በ2011 እና በ2021 መካከል ያለው ግን ጨርሶ ማወዳደር አይቻልም። ለአሥርት ዓመታት ከቆጠራ ወደ ቆጠራ ሲያያዝ የመጣ ክር ተበጠሰ። ይህ ያሳዝነኛል፤ አንድ ከተማ እንዴት እንደሚያድግ የምናውቀው በአንድ ቆጠራ ጥራት ሳይሆን ብዙ ቆጠራዎችን አጠገብ ለአጠገብ በማስቀመጥ ነውና።

ቁጥሩ የሥልጣን ጉዳይ የሚሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። በ1969 የወጣው የሬድክሊፍ ሞድ ኮሚሽን ሪፖርት የማንችስተርን አካባቢ በአንድ ትልቅ አስተዳደር ሥር ለማድረግ ሐሳብ አቀረበ። በ1974 ታላቋ ማንችስተር ስትመሠረት ግን ወሰኑ ከታሰበው ጠብቦ ነበር፤ ዊልምስሎውና ፖይንተን ተቃውመው ከቼሺር ጋር ቀሩ። ካውንቲው በተመሠረተ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1986 ምክር ቤቱን አፈረሰው። በዚያው ዓመት ከለንደን ውጭ ያለው የአውቶቡስ አገልግሎት ለግል ኩባንያዎች ተለቀቀ። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ ሆነው ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርበትን ከተማ መስመር የሚቀርጽለት፣ ቲኬት የሚያስማማለት የጋራ አካል አሳጡት። እኔ እንደማየው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ነው። ከተማው አንድ ሆኖ ሳለ የሚመራው አሥር ሆነ።

ጥገናው ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1992 የተከፈተው ሜትሮሊንክ የተባለው ቀላል ባቡር ከቤሪ እስከ አልትሪንካም የወረዳ ወሰን ሳይገድበው መሮጥ ጀመረ። በ2011 አሥሩ ወረዳዎች በእንግሊዝ የመጀመሪያ የሆነውን ጥምር አስተዳደር መሠረቱ፤ በ2017 አንዲ በርናም የመጀመሪያው ተመራጭ ከንቲባ ሆነ። ከ2023 እስከ ጥር 2025 አውቶቡሶቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር ተመለሱ፤ ዛሬ ቢጫ ቀለም ተቀብተው ከዊጋን እስከ ኦልደም በአንድ አስተዳደር ይሄዳሉ።

አንድነቱ ግን ገና የተሟላ አይደለም። የቤት ግንባታን የሚመለከተው የጋራ ዕቅድ ሲዘጋጅ ስቶክፖርት በ2020 መጨረሻ አረንጓዴ ቀበቶ ይነካል በሚል ክርክር ራሷን አገለለች፤ ዕቅዱ በ2024 የጸደቀው ለዘጠኝ ወረዳዎች ብቻ ነው። የዊልምስሎው ነዋሪ ደግሞ ጠዋት በባቡር ማንችስተር ገብቶ ይሠራል፣ አየር ማረፊያው ጎረቤቱ ነው፣ ቤቱ ከከተማው ቤቶች ጋር ተያይዟል፤ ከንቲባውን ግን አይመርጥም። በሜዳ የተለየው የዊጋን ነዋሪ ይመርጣል። የሠራተኛውን የዕለት ምልልስ መሠረት አድርጎ የሚለካ ሌላ ዘዴ አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትና የአውሮፓ ኅብረት የሚጠቀሙበት ይህ አሠራር፣ ከአንድ አካባቢ ሠራተኞች ቢያንስ 15 በመቶው ወደ ዋናው ከተማ የሚመላለሱ ከሆነ አካባቢውን የከተማው ክፍል ያደርገዋል። በርከንሄድን ከሊቨርፑል የማይነጥል፣ ባቡሩን የሚያይ መለኪያ ይህ ነው። ለትራንስፖርትና ለቤት ዕቅድ ከአራቱ አኃዞች ይልቅ ይህን አምናለሁ፤ ለከተማው ገጽታና ስፋት ደግሞ የ2011ዱን። የምክር ቤቱ ወሰን ግብር ማን እንደሚሰበስብ ከመናገር ያለፈ ስለ ከተማው ትልቅነት የሚያስረዳው ነገር ትንሽ ነው።

ቀጣዩ ቆጠራ በ2031 ይጠበቃል። ቢሮው ትንንሾቹን ቦታዎች ለየብቻ ማሳየቱን ይቀጥል፤ ለነዋሪዎቹ ጠቅሟል። ከጎኑ ግን በ200 ሜትር ደንብ የተያያዘውን ከተማም ያውጣ፤ ለ2021 ጭምር ወደ ኋላ ተመልሶ ያስላው። ካርታው ተዘጋጅቷል፣ የሕዝቡ ቁጥር በየትንሹ አካባቢ አለ፣ ስሌቱን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። የሚጠይቀው ወጪ ቆጠራው ራሱ ከፈጀው ጋር አይወዳደርም።